ሙዳይዋን የዘጋችው ባላንጣ

ድሬ ላይ የገዛ ሙዳዩን በገዛ እጁ የሚዘጋ ሠሪ የለም፤ ነውር ነው። ውስጡን ይሠራል፣ ያበጃል፣ ይፈትናል፤ የመጨረሻዋን ብሎን የሚያጠብቀው ግን ባላንጣው ነው። ወዳጁ አይደለም፣ ወንድሙ አይደለም፣ ባላንጣው። ወዳጅማ ክዳኑን ከፍቶ «ማሻአላህ! እጅህ ይባረክ!» ይልና ይዘጋልሃል። ምቀኛ ግን ሽቦ በሽቦ፣ የተበየደበትን ስታኞ ነጥብ በነጥብ ይበረብርልሃል፤ እንከን ካለህ ከእሱ ዓይን አታመልጥም። ሌላው አገር «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለውን ለወግ ያህል ይናገረዋል፤ የድሬ ሙዳይ ሠሪዎች ግን ሕግ አድርገውት ማኅበር አቁመውበታል።

ሙዳይ ስልህ መቼም የድሮዋ የጌጥ ማስቀመጫ እንዳትመስልህ። የጌም ኮምፒውተር ናት። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን የጌም ኮምፒውተር ሲባል ጠረጴዛ ሥር ተጎልቶ የሚያጓራ፣ ሻንጣ የሚያህል ሳጥን ነበር አሉ፤ ተሸክሞ ጎረቤት መሄድ ራሱ ጣጣ ነበር። የዛሬዋ በመዳፍ ትያዛለች። መቀነት የምትመስለውን መግቢያዋን ግንባርህ ላይ ታስራለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፤ ከዚያ ባሕር ትቀዝፋለህ፣ ግንብ ትደረምሳለህ፣ ከጓደኛህ ጋር ሰማይ ላይ ትራኮታለህ። ያንን ሁሉ ዓለም የሚያስበው ውስጧ ያለው ፕሮሰሰር ደግሞ ይግላል። ከመጠን በላይ ከጋለ ይሞታል። እንግዲህ የሙዳይ ሠሪ ሥራ ሌላ ምንም አይደለም፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የታጨቀን ሙቀት ማስወጣት ነው።

ያውም በድሬ ሐሩር! ያውም በዚያ አቧራ! የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በንፋስ እየተነሣ ፋን የሚባለውን ማራገቢያ ሁሉ አንቆ ስለሚገድል የድሬ ልጆች ፋንን ከተዉ ሁለት ትውልድ አልፏል። በምትኩ ሽቅብ የሚሉትን ስልት አመጡ። ከሥር ቀዳዳ፣ ከላይ ቀዳዳ፣ መሐል ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመዳብ ቱቦዎች፤ ሙቁ አየር በራሱ ጊዜ ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቃዛውን ከሥር ይስበዋል። ድምፅ የለ፣ የሚሽከረከር የለ፣ የሚበላሽ የለ። ፋን ያለባት ሙዳይ ይዞ ማኅበር የመጣ ሰው «ንፋስ ለማኝ» እየተባለ ሲሳቅበት ይኖራል፤ በደንቡም ከውድድር ይወጣል።

በዚህ በሽቅብ ስልት ረምላን የሚያህል አልነበረም። የከዚራ ሰፈሯ ረምላ ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሰ ስል ሴት ናት። እሷ የሠራቻትን ሙዳይ ፀሐይ ላይ አስቀምጠህ ስትጫወትባት ብትውል ለብ እንኳ አትልም። ስሟ ከጅቡቲ እስከ ሐረር ይታወቃል። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ኤፍራታ መጣችባት።

ኤፍራታን ካቻቢቴ አያያዝ ያስተማረቻት ራሷ ረምላ ናት። ልጅቷ ከረምላ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ተማረች፣ ረምላ መረቀቻት፣ ሄዳ ሱቅ ከፈተች። እስከዚህ ደግ ነው። ከዚያ ግን ሰው ሁሉ ኤፍራታ ኤፍራታ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ረምላ ሱቅ ሲገባ ብድግ ብላ ፈገግ አለችለት። እሱ ደግሞ «ይቅርታ፣ የኤፍራታ ሱቅ በየት በኩል ነው?» አላት። በእጇ አሳየችው፤ በተሳሳተ በኩል።

ቅናት ነው እንዴ? አዎ፣ ቅናት ነው፤ ምን ይሽሞነሞናል! ረምላ የኤፍራታን ስም በሰማች ቁጥር እርር ድብን ትል ነበር። አንዴማ በሌላ ሰው ስም የኤፍራታን ሙዳይ አስገዝታ፣ በሯን ቀርቅራ ፈታታቻት። እንከን ፍለጋ ነው። ስታኞው እንደ ዶቃ ተደርድሮ፣ ሽቦው እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ስታገኘው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ማልቀሷ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ይኼ ሁሉ ሳያንስ የማርሷ መንኮራኩር ወሬ መጣ። ስምንት ሰው ጭና ለሦስት ዓመት የምትሄድ መንኮራኩር ናት። ያን ያህል ጊዜ በአንድ ጎጆ ታጉሮ የሚኖር ሰው ካልተጫወተ እርስ በርሱ ይበላላል ብለው ሐኪሞቹ ስለመከሩ አንዲት ሙዳይ ትጫን ተባለ። አንዲት ብቻ፤ ለሁለተኛ ቦታ የለም። ሠሪዋ ስሟ ክዳኑ ላይ ይቀረጻል። ከድሬ ወጥቶ ባሕር የተሻገረ ሥራ ሞልቷል፤ ከምድር የወጣ ግን አንድም የለም። ብዙ ሠሪ ተወዳድሮ በስተመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ረምላና ኤፍራታ።

ረምላ ይቺን ነገር ፈለገቻት። እጇ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ቀጭኑን ቱቦ ስትይዝ ይታወቃታል። ከዚህ በኋላ እንዲህ ያለ ሥራ አትሠራም። ስሟ ክዳን ላይ ተቀርጾ ማርስ ይሂድላት እንጂ ከዚያ ወዲያ ቢፈልግ እጇ ይርገፍ። ስሟ ሳይሆን የኤፍራታ ስም ቢሄድ ግን ምን እንደምትሆን እሷም አታውቀውም።

የመዝጊያው ቀን ጠዋት ጥላው የሳቢያን ተራ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በጋዝ አንሳፎ ከሰፈር ሰፈር የሚያዞረው ሰፊ የጥላ ሸራ ሳቢያን ላይ ተንጣሎ፣ ከዚራ ፀሐይ ላይ ተሰጥታ ውላለች። «ሁሌ ለእነሱ!» እያለች ረምላ ሙዳይዋን በነጠላ ጠቅልላ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ አዳራሽ ሄደች።

አዳራሹ ጢም ብሏል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ክፍሎም፣ ድምፁ እንደ ጡሩምባ የሆነ ሽማግሌ፣ ከፊት ተቀምጧል። ከጎኑ ከአዲስ አበባ የተላከው የመንኮራኩሯ ሰው ኢንጂነር ገዛኸኝ ሙሉ ልብስ ለብሶ ላቡን ይጠርጋል። ምስኪን፣ ሁሉንም «እርስዎ» ይላል፤ ድሬ ደግሞ አንቱታ አታውቅምና ሁሉም «አንተ» ይለዋል። ይዞት የመጣው መርማሪ የሚሉት ማሽን፣ እግር ያለው ቁም ሣጥን የሚመስል ነገር፣ ሁለቱንም ሙዳዮች አስቀድሞ ምድጃ ውስጥ ከቶ ፈትኗቸዋል። ለሁለቱም በለስላሳ ድምፁ «እንከን የለም» ብሏል። የቀረው የባላንጣ ዓይን ነው።

በዕጣ ኤፍራታ ቀደመች። የረምላን ሙዳይ ክዳን አነሣች። ብርሃን አብርታ ውስጡን አየች፣ ቆየች፣ በጣም ቆየች። ምንም አልነካችም። ከዚያ ክዳኑን መልሳ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀችና «እንከን የለም» አለች። ረምላ በሆዷ «ምን አማራጭ አላት!» አለች።

ተራው የእሷ ሆነ። የኤፍራታ ሙዳይ ከእሷ ሙዳይ በአንድ ጣት ታንሳለች፤ ይኼ ሲያቃጥላት ነው የሰነበተው። እንዴት አሳነሰቻት? የሽቅብ ቱቦ እኮ ቁመት ይፈልጋል፤ ካጠረ አየሩ አይስብም። የሆነ ነገር አለ። መነጽሯን አጠለቀች፣ ፒንሳዋን አነሣች፣ ገባችበት። ሽቦውን ገለጥ ገለጥ አደረገች፣ ፕሮሰሰሩን አየች፣ ማቀዝቀዣውን ላሜራ በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው። ላሜራው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። አንሥታ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ነገር በፒንሳ መዝዛ አወጣች።

«እዩልኝማ!» አለች፤ የያዘችውን በፒንሳ ጫፍ ከፍ አድርጋ። «የሸሚዝ ቁልፍ ይመስላችሁ ይሆናል። ፋን ነው! ወላሂ ፋን ነው! ላሜራ ሥር ደብቃው!»

አዳራሹ ታመሰ። «ውይ!» ያለ አለ፣ «ንፋስ ለማኝ!» ያለ አለ። ክፍሎም ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደበ።

«ዝም በሉ! ኤፍራታ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ አይደል?»

ኤፍራታ አንገቷን ደፋች። ረምላ ደስታ አላስችል አላት፤ የታመቀው የስንት ዓመት ንዴት ወጣላት። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ አሸንፋ ነበር። ግን ቅናት ማሸነፍ ብቻ አይበቃውም፣ ማስተማርም ያምረዋል።

«አቦ፣ እኔን እኮ ነው ያሰደብሽኝ!» አለቻት። «ሽቅብን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም? ከዚህ የሚቀል ነገር አለ? ሙቅ አየር ማንም ሳይገፋው ለምን ይወጣል? ስለሚቀል ነዋ! ቀዝቃዛው ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀለለውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ይኼው ነው፤ ፋን ምን ያደርጋል? ክብደት እስካለ ድረስ ሽቅብ አለ። ክብደት እስካለ…»

ፒንሳዋ ጫፍ ላይ ያለውን ፋን አየችው።

«ጨርሺዋ!» አላት ክፍሎም።

ረምላ ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «አንተ፣ እዚያ መንኮራኩራችሁ ውስጥ ሻይ ሲቀዳ ወዴት ነው የሚወርደው?»

ገዛኸኝ ሳቀ። «አይወርድም እንጂ እሜቴ! ክብደት የሚባል ነገር የለም እኮ። ሻዩ እንደ ኳስ ተድቦልቡሎ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። እዚያ ላይም ታችም የለም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የሻዩ ነገር አሳቃቸው። ከረምላ በስተቀር የገባው ሰው የለም። ላይ ከሌለ ሽቅብ የለም። ክብደት ከሌለ ሙቁ አየር አይወጣም፣ ቀዝቃዛውም አይገባም። የእሷ ሙዳይ፣ ያቺ ፀሐይ ላይ ውላ ለብ የማትለው፣ እዚያ ስትደርስ የገዛ ሙቀቷን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትቀመጣለች። ሰዎቹ መግቢያውን አስረው መጫወት በጀመሩ በመጀመሪያው ቀን ትቃጠላለች። የኤፍራታ ግን ፋን አላት፤ ፋን ደግሞ ላይ ሆነ ታች ግድ የለውም፣ ይገፋል። እዚያ የደቻቱ አሸዋ የለ፣ የሚያንቀው ነገር የለ።

ዝም ብትልስ? ማን ያውቃል? ኤፍራታ በደንቡ ወጥታለች። የረምላ ስም ይቀረጻል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል። ብትቃጠልም የምትቃጠለው ከምድር ርቃ ነው፤ ዕቃ ነው፣ ተበላሸ ይባላል። ድሬ ላይ ግን ረምላ ማርስ የላከች ረምላ ሆና ትሞታለች። አፏ ተከፈተ፣ «ጨርሻለሁ» ልትል ነበር፤ ወላሂ ልትል ነበር።

በዚህ መሐል ዓይኗ ኤፍራታ ላይ አረፈ። ይቺ ልጅ ፋን ያስገባችው እዚያ ክብደት እንደሌለ አውቃ ነው ማለት ነው። አውቃ ከሆነ ደግሞ የእኔን ሙዳይ ከፍታ ያን ያህል ስታይ እንደምትሞት አይታለች። አይታ፣ «እንከን የለም» ብላ፣ ብሎኗን አጠበቀችብኝ! እኔን አሳፍራ ልትልከኝ! ረምላ ይኼን ስታስብ ደሟ ፈላ። ስምንት ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የሞተች ሙዳይ ክዳን ላይ የእሷን ስም ሲያይ፣ ኤፍራታ ደግሞ እዚህ ቁጭ ብላ ለብቻዋ ስትስቅ ታያት። ከዚህስ መቅረት ይሻላል። ደግነት ነው ብለህ እንዳታስብ፤ ደግነት በዚያ አላለፈም።

«የኔዋ ሙዳይ እዚያ ትሞታለች» አለች ጮክ ብላ።

አስረዳቻቸው፤ አጭር ነበር፣ ለሠሪ አንድ ቃል ይበቃዋል። ከፊት ያሉት ግንባራቸውን መቱ፣ ከኋላ ያሉት «እንዴ! እንዴ!» አሉ። ሁለት ትውልድ ሙሉ ሽቅብ ሽቅብ ሲሉ ኖረው፣ ሽቅብ የሌለበት አገር ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ገዛኸኝ ላቡን መጥረጉን ተወ።

«አንተ ቁም ሣጥን!» አለ ክፍሎም ወደ መርማሪው ዞሮ። «ይኼን እያወቅክ ዝም አልክ?»

«በስድሳ ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ይሠራሉ ወይ ተብዬ ነው የተጠየቅሁት» አለ ማሽኑ። «ይሠራሉ።»

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አለ ገዛኸኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ሞተሩን፣ ኦክስጅኑን ሺህ ጊዜ ፈትሸናል። ይኼን ግን… የጨዋታ ዕቃ ነው ብለን ናቅነው።»

ረምላ አልሰማችውም። ኤፍራታ ፊት ሄዳ ቆማ ነበር።

«አየሽው አይደል? አይተሽ ነው የዘጋሽብኝ! እንጀራዬን በልተሽ!»

«አላየሁም» አለች ኤፍራታ። እንባዋ ቅርር ብሏል። «ወላሂ አላየሁም ረምላ። ክዳኑን ስከፍተው ቱቦዎቹን አየሁ፤ አንድ ላይ እንዴት እንደታጠፉ አየሁ። እንከን ልፈልግ መምጣቴን ረሳሁት። ዝም ብዬ ሳይ ቆየሁና ዘጋሁት። እንዲህ ያለ እጅ ለእኔም በሰጠኝ ስል ነበር።»

«ፋኑስ? ስለ ክብደቱ ሳታውቂ ነው ፋን የከተትሽው?»

«ስለ ክብደት ማን አስቦ! አቅቶኝ ነው። አንቺ በምትሠሪው ልክ ሽቅብን ለመሥራት ስንቴ ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። አንቺ ታደርጊዋለሽ፣ እኔ አልቻልኩም። አፈርኩና ላሜራ ሥር ደበቅኩት።»

እንግዲህ ፍረድ። ያደነቀችው አላየችም፣ አድናቆት ዓይኗን ጋርዶት። ማሽኑ አላየም፣ አድልዎ የሌለበት ስለሆነ። ትክክለኛዋን ነገር ሙዳይዋ ውስጥ የከተተችው ሠሪዋ ስላቃታት ነው፤ ነገሩን ረምላ ያወጣችው ደግሞ ቀንታ፣ ልጅቷን ልታዋርድ ስትል ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በጎ በጎ የሚያስበው ሰው ሁሉ ቢሰበሰብ ስምንቱን መንገደኞች በሞተች ሙዳይ ሸኝቷቸው ነበር።

ማኅበሩ ጥቂት ተንጫጫ። ክፍሎም በመጨረሻ ተነሥቶ፣ «ደንቡ የተጻፈው አሸዋና ክብደት ላለበት አገር ነው» አለ። «እዚያ ሁለቱም የሉም። የኤፍራታ ትሄዳለች። ረምላ፣ ዝጊያት።»

የዘጊ ስም የትም አይጻፍም፤ ልማዱ እንዲህ ነው። ረምላ ፋኑን መልሳ ላሜራው ሥር አስገባች። ክዳኑን ገጠመች። ኤፍራታ የሚለው ስም ገና ሳይቀረጽ ቦታው ተለስልሶ ይጠብቃል፤ አየችው። ካቻቢቴዋን ስታነሣ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሊደበቅ በማይችል ሁኔታ። ኤፍራታ ልትደግፋት እጇን ዘረጋች። «አትንኪኝ» አለቻት ረምላ። ግራ እጇን በቀኝ ላይ ደርባ፣ ቀስ እያለች፣ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀች። አጠባበቋ እንከን አልነበረውም።

«እንከን የለም» አለች።

ሰዉ አጨበጨበ። ኤፍራታ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ረምላም ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት፣ ከአንገት በላይ። ሆዷ ውስጥ ያለው አልበረደም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ልጅቷን ለመጥላት የቀራትን ምክንያት ሁሉ አጥታ መቅናቷ ብቻ ቀርቷታል፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው።

ሰው መበተን ሲጀምር ገዛኸኝ መጣ፤ ማሽኑ ከኋላው ይከተለዋል።

«እሜቴ፣ ስምንት ሰው ነው ያተረፉት» አላት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ዛሬ ያዩበትን ዓይን ለዚህ መርማሪ ልናስተምረው እንችላለን ብለው ያስባሉ? ያልተጠየቀውን እንዲፈልግ?»

ረምላ ማሽኑን ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«ትችላላችሁ» አለችው።

«እንዴት አድርገን?»

«መጀመሪያ ማርስ መሄድ ይመኝ። አንጀቱ እስኪያር ድረስ ይመኝ። ከዚያ ሌላው ይሂድና እሱ ይቅር።»

ገዛኸኝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ተወና፣ ማሽኑን ይዞ መንገዱን ለቀቀላት። ረምላ ሙዳይዋን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ፀሐዩ ወጣች።